ስድስት ወይስ ስምንት? የአንሶላ ጠርዝ፣ የቀለበት ጭማሪና የክብ ጂኦሜትሪ

ከደቡብ ሱዳን ሴቶች የእጅ ሙያዎች አንዱ «ሚላያ» ይባላል። ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን አንሶላ ማለት ነው። በጥጥ ጨርቅ ላይ አበቦችና አእዋፍ በባለ ቀለም ክር ይጠለፋሉ፤ የጨርቁ ዙሪያ ደግሞ በኪሮሽ በተሠራ ዳንቴል ይከበባል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሲቀሰቀስ እጅግ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ክልል በመግባት በኩሌ፣ በትርክዲ፣ በጀዊና በሌሎችም መጠለያዎች ሰፍሯል። ሙያውም ከባለሙያዎቹ ጋር አብሮ መጥቷል። ለአንዲት እናት እንዲህ ያለው አንሶላ የቤት ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሲያስፈልግ ተሽጦ ጉድለት የሚሞላ ንብረት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥልፉን ሳይሆን ጠርዙን ነው። ዳንቴሉ በአንሶላው ዙሪያ እየሰፋ ሲሄድ ሠራተኛዋ በየዙሩ ጥቂት ቀለበቶችን መጨመር ይኖርባታል። ካልጨመረች ማዕዘኖቹ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከመጠን በላይ ከጨመረች ደግሞ ጠርዙ ይሸበሸባል፤ በገንዘብ የተገዛው ክርም ሳይታሰብ ያልቃል። ስለሆነም ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። በአንድ ዙር ስንት ቀለበት ይጨመር? መልሱስ አንሶላው ትልቅ ወይም ትንሽ በመሆኑ ይለወጣልን? አንባቢያችን ከዚህ በታች ያለውን ከማንበቡ በፊት ለሁለተኛው ጥያቄ የራሱን ግምት በወረቀት ላይ እንዲያሰፍር እንጠይቃለን።

ድርና ማግ፣ ክርና ቀለበት

ሸማ የሚሠራው ከሁለት ዓይነት ክሮች፣ ማለትም ከድርና ከማግ ነው። ሸማኔው ድሩን አንድ ጊዜ ከወጠረ በኋላ የጨርቁ ስፋት ተወስኗል፤ በመሀል ላይ «ትንሽ ላስፋው» ቢል አይችልም። ስለዚህም ከሸማ ቅርጽ ያለው ልብስ ለማውጣት መቀስና ልብስ ሰፊ ያስፈልጋሉ። ሹራብና ኪሮሽ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለዩ ናቸው። በሁለቱም ሥራ ያለው አንድ ረጅም ክር ብቻ ሲሆን፣ ክሩ ቀለበት እየሆነ ቀድሞ በተሠራው ቀለበት ውስጥ ይገባል። በሹራብ አንድ ረድፍ ሙሉ ቀለበት በመርፌው ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። በኪሮሽ ግን ጫፉ በቆለመመው መርፌ ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ቀለበት አንድ ወይም ጥቂት ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሹራቡንም የኪሮሹንም አሐድ «ቀለበት» እያልን እንጠራለን።

በቀለበት የተሠራ ጨርቅ ሁለት ነገሮችን ይፈቅዳል። አንደኛው መሳብ ነው። የጥጥ ክር ራሱ እምብዛም የማይለጠጥ ቢሆንም ከእርሱ የተሠራው ሹራብ ይለጠጣል፤ ምክንያቱም ስንስበው የሚለወጠው የክሩ ርዝመት ሳይሆን የቀለበቱ ጉብጠት ነው። በአሜሪካ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም የፊዚክስ ተመራማሪዋ ኤሊዛቤታ ማትሱሞቶና ባልደረቦቿ በ2024 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የክሩ ዓይነት ሳይቀየር የቀለበቶቹን አገባብ በመቀያየር ብቻ የጨርቁን የመለጠጥ ባሕርይ መለወጥ እንደሚቻል አሳይተዋል። ሁለተኛውና ለእኛ ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ቀለበት በማንኛውም ቦታና ጊዜ ሊጨመር ይችላል። ቅርጹ በመቀስ ሳይሆን በቁጥር ይወጣል ማለት ነው።

አንድ ቀለበት እንዴት ይጨመራል?

በኪሮሽ ነገሩ ቀላል ነው። በአንድ ቀዳዳ አንድ ጊዜ በመውጋት ፈንታ ሁለት ጊዜ ይወጋል፤ አንዱ ቀለበት ሁለት ይወልዳል። ሹራብ ላይ ግን በርካታ መንገዶች አሉ፤ ልዩነታቸውም በዓይን የሚታይ ነው።

የመጀመሪያው ክሩን በመርፌው ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሞ ማለፍ ነው። በሚቀጥለው ረድፍ ጥምጥሙ እንደ ቀለበት ይሠራል፤ ከሥሩ ግን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ቀዳዳ ይተዋል። ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሠራ ሹራብ ላይ ይህ ጉድለት ነው። ለጋምቤላ ሙቀት ግን ጸጋ ነው፤ ቀዳዳው አየር ያሳልፋል፣ ላብ ይተናል፣ ጌጥም ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ በአንዱ ቀለበት ፊት ለፊትና ጀርባ በተከታታይ መውጋት ነው። ቀዳዳ የለውም፤ ነገር ግን ሰረዝ የምትመስል አግድም ምልክት ይተዋል። ጭማሪዎቹ በመስመር ከተደረደሩ ይህች ሰረዝ ለመቁጠር ታገለግላለች፤ ለጀማሪም የምንመክረው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ለፊዚክስ ተማሪ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ነው። በሁለት ጎረቤት ቀለበቶች መካከል የተጋደመውን ክር በመርፌ አንስተን ቀለበት እናደርገዋለን። እንዲሁ ብንሠራው ቀዳዳ ስለሚተው አንድ ጊዜ እንጠመዝዘዋለን፤ ቀዳዳውም ይዘጋል። መጠምዘዙ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ጭማሪዎች እንደ ቀኝና ግራ እጃችን ናቸው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ ነገር ግን የቱንም ያህል ብናሽከረክረው አንዱ በሌላው ላይ ልክ አይገጥምም። ስለዚህ ጎበዝ ሠራተኛ የእጅጌውን ቀኝ ዳር በአንዱ፣ ግራ ዳሩን በሌላው ትጨምራለች። በኬሚስትሪ ስለ ቀኝና ግራ ሞለኪውሎች ሲነገረው ግራ የሚገባው ተማሪ እነዚህን ሁለት ቀለበቶች ጎን ለጎን አድርጎ ቢመለከት ነገሩ ይገለጥለታል ብለን እናምናለን።

አራተኛው ከአንድ ረድፍ በታች ያለውን ቀለበት ጎትቶ በማውጣት የሚሠራ ነው። ከሁሉም ይልቅ ድብቅ ነው። ይሁን እንጂ የታችኛው ረድፍ ክር አስቀድሞ ተለክቶ ያለቀ ስለሆነ፣ ለአዲሱ ቀለበት የሚሆነው ርዝመት ከጎረቤቶቹ ይወሰዳል። በየረድፉ በአንድ ቦታ ከተደጋገመ ጨርቁ እዚያ ላይ ይጠብቃል። ስለዚህ ረድፍ እያለፉ መጠቀሙ ይሻላል።

የዝርግ ክብ ቁጥር

አሁን ወደ ቁጥሩ እንለፍ። የክብ መጠነ ዙሪያ 2 × 3.14 × ሬዲየስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሬዲየሱ በአንድ አሐድ ባደገ ቁጥር መጠነ ዙሪያው በ6.28 አሐድ ያድጋል። አጭሩ የኪሮሽ ቀለበት ቁመቱና ወርዱ እኩል ለመሆን የተቃረቡ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር ሬዲየሱን በአንድ ቀለበት ሲያሳድግ መጠነ ዙሪያው በ6.28 ቀለበት ማደግ አለበት ማለት ነው። የቀለበት ክፍልፋይ ስለሌለ 6 እንወስዳለን። የመጀመሪያው ዙር 6፣ ሁለተኛው 12፣ ሦስተኛው 18 እያለ ይቀጥላል። በዓለም ዙሪያ የዳንቴል ሠራተኞች የሚያውቁት ይህ የስድስት ደንብ የፓይ ቁጥር ሌላ መልክ ነው።

ቀለበቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በ20ኛው ዙር ሬዲየሱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የቀለበቱ ብዛት 120፣ የዙሪያው ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ዝርግ ክብ ግን 62.8 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። የጎደለው 2.8 ሳንቲ ሜትር ከመቶ 4.5 ያህል ብቻ ስለሆነ በመለጠጥ ይሸፈናል። በየዙሩ 5 ብቻ ብንጨምር ዙሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀርና ጨርቁ እንደ ሾጣጣ ክዳን ይቆማል። በስፌት ሙያም ሕጉ ያው ነው። ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የምትሰፋ ባለሙያ ሰፌዱን ዝርግ፣ የመሶቡን ክዳን ግን ሾጣጣ የምታደርገው ዙሪያውን ከሬዲየሱ ጋር በማመጣጠን ወይም ሆን ብላ በማሳጠር ነው።

ቀለበቱ ወርዱና ቁመቱ እኩል ካልሆነ 6.28ን በቁመትና በወርድ ንጽጽር ማባዛት ያስፈልጋል። ቁመቱ የወርዱ እጥፍ የሆነው ረጅሙ የኪሮሽ ቀለበት በዙር 12 ይፈልጋል። የሹራብ ቀለበት በአንጻሩ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ይበልጣል። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 20 ቀለበትና 28 ረድፍ ቢኖር ወርዱ 5፣ ቁመቱ 3.57 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 6.28 × 3.57 ÷ 5 = 4.5 ገደማ ይሆናል። ግማሽ ቀለበት መጨመር ስለማይቻል በሁለት ዙር 9 ይጨመራል። ከሥራ በፊት ትንሽ መለኪያ ሠርቶ በማስመሪያ መቁጠር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ይታያል።

እዚህ ላይ የክሩ ዓይነት ትልቅ ድርሻ አለው። የሱፍ ክር ፈትሉ የተጠማዘዘና የሚለጠጥ ስለሆነ የሁለትና የሦስት ቀለበት ስሕተትን ውጦ ያስቀራል። የጥጥ ክር ግን ይቅርታ አያውቅም። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ብላ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ እዚያ የሚበዛው ሥራ በጥጥ ነው። የጥጥ ጨርቅ ለከተማዋ የቆየ ሸቀጥ መሆኑንም በዚሁ እንጥቀስ። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል መሠረት የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ቡናው ወደ ካርቱም ይወርድ፣ ጨርቅና ጨው ደግሞ ወደ ላይ ይመጣ ነበር። ወደ ጉዳያችን ስንመለስ፣ በጥጥ የሚሠራ ሰው ቁጥሩን ከሱፍ ሠራተኛ ይልቅ በትክክል ማወቅ አለበት።

የአንሶላው ማዕዘን

አንሶላችን 2 ሜትር በ2.5 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 9 ሜትር ነው፤ በ5 ሚሊ ሜትር ቀለበት 1,800 ቀለበት ይይዛል። ይህን ሁሉ ለመክበብ የሚያስፈልገው ጭማሪ ብዙ ይመስላል። አሁን ግን በቀጥታው ጎን ላይ ያለውን ዳንቴል እናስብ። የዳንቴሉ ውጫዊ መስመር ከአንሶላው ጎን ጋር ትይዩ ነው፤ ትይዩ መስመሮች ደግሞ እኩል ርዝመት አላቸው። ስለዚህ በጎኖቹ ላይ ምንም ጭማሪ አያስፈልግም። ጭማሪው በሙሉ የሚያስፈልገው በአራቱ ማዕዘኖች ብቻ ነው።

ማዕዘኑን ክብ አድርገን ብንዞረው እያንዳንዱ ማዕዘን የክብ ሩብ ይሆናል። አራት ሩቦች አንድ ሙሉ ክብ ይሰጣሉ። በመሆኑም የዙሩ ጠቅላላ ጭማሪ 6.28 ቀለበት ነው፤ አንሶላ ቢሆን፣ የቡና ረከቦት መሸፈኛ ቢሆን፣ መሀረብ ቢሆን ለውጥ የለውም። ቅርጹ አራት ማዕዘን መሆኑም ግድ አይደለም። የማንኛውም ጉብ ጎነ ብዙ ውጫዊ ማዕዘናት ድምር 360 ዲግሪ እንደሆነ በሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ ተምረናል፤ የጭማሪውን ቁጥር የሚወስነውም ይኸው ድምር ነው። በዚህ የሚደነቅ አንባቢ መሬትን በወገቧ የሚከብ ገመድ ያስብ። ገመዱ በሁሉም ቦታ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ እንዲል ብንፈልግ የምንቀጥለው 6.28 ሜትር ብቻ ነው። ብርቱካንን የከበበ ገመድ 1 ሜትር እንዲርቅ ብንፈልግም የሚቀጠለው ያው 6.28 ሜትር ነው። በወረቀቱ ላይ «ለትልቅ አንሶላ ብዙ ጭማሪ ያስፈልጋል» ብሎ የጻፈ አንባቢ ካለ ብቻውን አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ይገምታሉ።

በሥራ ላይ ሲታይ በአንዱ ዙር በእያንዳንዱ ማዕዘን 1፣ በሚቀጥለው ዙር 2 ቢጨመር አማካዩ 6 ይሆናል፤ ማዕዘኑም ለስላሳ ክብ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ብዙ ሰው ማዕዘኑ ሹል እንዲሆን ይፈልጋል። ያን ጊዜ በማዕዘኑ ባለች አንዲት ቀዳዳ ሦስት ቀለበት ይሠራል፤ ማለትም በማዕዘን 2፣ በዙር 8 ይጨመራል።

ታዲያ ስምንት ከተጨመረ ለምን አይሸበሸብም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝርግ ክብ እየሠራን በየዙሩ 8 ቀለበት እኩል አራርቀን ብንጨምር በ20ኛው ዙር 160 ቀለበት፣ ማለትም 80 ሳንቲ ሜትር ይኖረናል፤ ዝርጉ የሚይዘው 62.8 ብቻ ስለሆነ 17 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ወደ ላይና ወደ ታች ይሸበሸባል። ሹል ማዕዘን ላይ ግን ጭማሪው የተከማቸው በአንድ ቦታ ነው። የማዕዘኑ መካከለኛ ቀለበት ወደ ውጭ የሚዘረጋው በሰያፍ ነው፤ የሰያፉም ርዝመት በፓይታጎረስ ሕግ የጎኑ 1.41 እጥፍ ነው። ጎኑ ከመሀል 10 ሳንቲ ሜትር የራቀ ካሬ ዙሪያው 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትርፉ በሙሉ ቦታ አግኝቷል። ስለዚህ ስንት ተጨመረ የሚለው ብቻውን በቂ አይደለም፤ የት ተጨመረ የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት። ስድስቱንም ጭማሪ በየዙሩ በአንድ አቅጣጫ ብንደረድር ክባችን ቀስ በቀስ ባለ ስድስት ጎን የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ክብ የፈለገ ሰው የጭማሪውን ቦታ በየዙሩ ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ አለበት።

«ከአሥር አንድ» የሚለው ደንብ የሚያስከፍለው

አንዲት ጀማሪ በየዙሩ ቋሚ ቁጥር በመጨመር ፈንታ «በየአሥሩ ቀለበት አንድ» እያለች ብትጨምር ምን ይሆናል? ደንቡ የሚያሳስት ነው፤ ለእጅ ይቀላል፣ መቁጠርም አያደክምም። ነገር ግን ይህ የባንክ ወለድ ላይ ወለድ ስሌት ነው። እያንዳንዱ ዙር የቀደመው 1.1 እጥፍ ይሆናል። ከ1,800 ተነስተን 10 ዙር ብንሠራ የመጨረሻው ዙር 4,669 ቀለበት ይደርሳል። በስምንት ደንብ ቢሆን ኖሮ 1,880 ብቻ ነበር። የዐሥሩም ዙር ድምር በስምንት ደንብ 18,440፣ በከአሥር አንድ ደንብ 31,500 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ክሩ 1.7 እጥፍ ያልቃል፤ የሥራ ጊዜውም እንደዚሁ። ሽብሽብ ጠርዝ የሚወድ ገዢ ካለ መልካም ነው፤ ሠራተኛዋ ግን በዋጋው ላይ ማስላት ይኖርባታል። ዝርግ ለመሥራት አስባ እዚህ ላይ ከደረሰች የገዛችው ክር ሳይበቃት ይቀራል።

ይህ በገበያ ኪሳራ የሚያመጣ ሽብሽብ በሒሳብ ትምህርት ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ አለው። በ1829 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ፣ በ1832 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃንጋሪያዊው ቦያይ ከዩክሊድ የተለየ ጂኦሜትሪ አሳተሙ። በዚህ ጂኦሜትሪ ከአንድ ቀጥታ መስመር ውጭ ባለ ነጥብ በኩል መስመሩን ፈጽሞ የማይነኩ ብዙ ቀጥታ መስመሮች ማለፍ ይችላሉ። የክቡም ዙሪያ ሬዲየሱ ባደገ ቁጥር እንደ ወለድ ይባዛል። «ሃይፐርቦሊክ» የሚባለውን ይህን ገጽ በእጅ የሚያዝ አድርጎ ማሳየት አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ፤ ከወረቀት የተቀጣጠሉ ሞዴሎች ይቀደዱ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረችው የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና መፍትሔውን በኪሮሽ አገኘች። በተወሰነ ቀለበት ልክ አንድ እየጨመረች ሠራች፤ ሽብሽቡ ራሱ ገጹ ሆነ። ሹራብም ሞክራ ነበር፤ ነገር ግን ቀለበቱ እየበዛ በመርፌ ላይ ሊያዝ ስለማይችል ኪሮሹን መረጠች። የሠራችው ጨርቅ ሲታጠፍ የሚፈጠረው እጥፋት ቀጥታ መስመር ስለሆነ፣ በአንድ ነጥብ የሚያልፉትን ብዙ የማይገናኙ መስመሮች ተማሪ በክር ሰፍቶ ማየት ይችላል። የሰላጣ ቅጠል ጠርዝም የሚሸበሸበው ከመሀሉ ይልቅ ዳሩ ስለሚያድግ ነው፤ ቅጠሉ ቁጥር ባይቆጥርም።

በአገራችን ትምህርት ቤቶች ጂኦሜትሪ ከጥቁር ሰሌዳና ከኮምፓስ አይወጣም። አንድ ድቡልቡል የጥጥ ክርና አንድ የኪሮሽ መርፌ ግን ከብዙ የላቦራቶሪ ዕቃ ይልቅ ርካሽ ናቸው፤ በብዙ ተማሪዎች ቤትም እናት ወይም እኅት አስቀድማ ታውቅበታለች። ወንዶች ተማሪዎች በዚህ እንዳያፍሩ፤ ሸማኔነት በአብዛኛው የወንዶች ሙያ መሆኑን ያስታውሱ።

ለሙከራ

በአጭሩ የኪሮሽ ቀለበት አራት ቁራጮች ይሠሩ፤ ሁሉም በ6 ቀለበት ይጀምሩና እስከ 12ኛው ዙር ይሂዱ። የመጀመሪያው በየዙሩ 3፣ ሁለተኛው 6፣ ሦስተኛው 8 ቀለበት ይጨመርበት፤ ጭማሪዎቹ እኩል ይራራቁ። አራተኛው በየአምስት ቀለበቱ አንድ ይጨመርበት። የአራቱንም የመጨረሻ ዙር በክር ለክተው ከመሀል እስከ ዳር ላለው ርቀት ያካፍሉ፤ ውጤቱንም ከ6.28 ጋር ያወዳድሩ። አራተኛውን ከሦስተኛው ጋር በሚያወዳድሩበት ጊዜ ልዩነቱ ከስንተኛው ዙር ጀምሮ ጎልቶ እንደታየ ይመዝግቡ። የመጀመሪያው ቁራጭ እንደ መሶብ ክዳን ይቆማል። የሾጣጣው ግማሽ ማዕዘን ሳይን፣ በዙር የሚጨመረው ቁጥር ለ6.28 ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ማዕዘኑን መጀመሪያ በስሌት፣ ቀጥሎ በማዕዘን መለኪያ ያግኙ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የቀለበትዎ ቁመትና ወርድ በእርግጥ እኩል መሆናቸውን ይለኩ።